በእናቴ ፊት ላይ የተጻፈው

ሰው ፊት ላይ አይጻፍም። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ ትምህርት ቤት ሳልገባ ነው ያወቅሁት። ደብተር ላይ ይጻፋል። ግድግዳ ላይ የጻፈ ይገረፋል። ፊት ላይ መጻፍ ግን ጭራሽ የሚታሰብ አይደለም። ስለዚህ እትዬ ዘመናይ በእናቴ ፊት ላይ፣ ያውም አፏ ላይ፣ ጽሑፍ አስጽፋ ቁጭ ብላ ስታይ ያገኘኋት ዕለት ይህች ሴት ክፉ ናት ብዬ ቆረጥኩ። ልጅ አንዴ ከቆረጠ ሽማግሌም አይመልሰው። እኔ እስካለፈው ዓመት ድረስ አልተመለስኩም።

እናቴ ጥሩነሽ ቤሩት ለሥራ ስትሄድ ከገጠር፣ ከሮብ ገበያ አምጥታ ደብረ ማርቆስ፣ ወንድሟ ቤት አስቀመጠችኝ። ሰባት ዓመቴ ነበር። ወንድሟን ጋሼ መሳፍንት ነው የምለው። መናኸሪያው አጠገብ ቪዲዮ ቤት ነበረው፤ ሠርግና ክርስትና ይቀርጻል፣ ፊልም በዲስክ ያባዛል፣ ያከራያል። ከሱቁ ጀርባ ባለችው ቤት ከሚስቱ ከእትዬ ዘመናይ ጋር ይኖራል። ልጅ አልወለዱም። እትዬ ዘመናይ ተማሪ ሳለች ማጅራት ገትር አሟት፣ ከዚያ ወዲህ ጆሮዋ አይሰማም። ታነባለች፣ ትጽፋለች፣ ትናገራለችም። ድምፅዋ ግን አንዳንዴ ይጮኻል፣ አንዳንዴ ይጠፋል፤ ስለዚህ ሰው ፊት መናገር አትወድም።

የሚያናግራትን ሰው ዓይኑን አታየውም፤ አፉን ነው የምታየው። እኔ ደግሞ ያኔ የፊት ጥርሶቼ ወልቀው ነበር። ወላቃነቴን የምታይብኝ ስለመሰለኝ ባናገርኳት ቁጥር አፌን በእጄ እሸፍናለሁ። እሷም «ምን አልሽ?» ትላለች። ሸፍኜ እደግመዋለሁ። «ምን አልሽ?» ትላለች እንደገና። በመጨረሻ ትቼያት እወጣለሁ። እንዲህ ስንባባል ክረምቱ አለፈ። ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል፤ ያኔ ግን ሆድ ይብሰኝ ነበር። ሮብ ገበያ እያለሁ ጎረቤቱም፣ ዶሮውም፣ አያቴ እማሆይ ወለተ ሐዋርያትም ሲያወሩ ነው የሚውሉት። እዚህ ቤት ወሬ የሚባል ነገር አልነበረም።

ልንተኛ ስንል ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። እኔ እዚያ ቤት ከገባሁ ጀምሮ እትዬ ዘመናይ ከእኔ ጋር መደብ ላይ ነበር የምትተኛው። መቀነቷን ትፈታና አንዱን ጫፍ ከእጄ፣ ሌላውን ከራሷ እጅ ታስረዋለች። እኛ አገር እንዲህ የሚታሰረው ጥጃ ነው። ጠፍቼ ወደ ሮብ ገበያ እንዳልሄድባት የምታደርገው መሰለኝ። ወደ ግድግዳው ዞሬ፣ ድምፅ ሳላሰማ አለቅሳለሁ፤ ድምፅ ባሰማም ለውጥ እንደሌለው ረስቼ። ገና ትከሻዬ ሲነቃነቅ መብራት ይበራል። እትዬ ዘመናይ ተነሥታ ትቀመጥና እንቅልፍ እስኪወስደኝ ጀርባዬን ታሸኛለች። በምን እንደምታውቅብኝ አይገባኝም ነበር። የሚነግራት መቀነቱ እንደሆነ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው፤ ያኔ ግን ነገሩ ሁሉ እስራት ነበር።

ወሬ የማገኘው ሱቅ ነው። ከትምህርት ቤት መልስ ጋሼ አጠገብ በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ። አንድ ቀን የሠርግ ዲስክ ወደ ብርሃን አንሥቼ አገላበጥኩና «ሙሽሪት የት አለች?» አልኩት። ድንኳኑን፣ ሚዜዎቹን፣ ያን ሁሉ ጭብጨባ በጣት በምትያዝ ነገር ላይ አጣሁት።

«አለች» አለኝ። «ዓይን የማያያት ነጠብጣብ ሆና ነው ያለችው። ከመሃል ትጀምርና እየዞረች ወደ ዳር ትሄዳለች።»

«ድምፅዋስ?»

«ድምፁም እዚያው ነው። ሹሩባ ስትሠሪ ፀጉሩን ሦስት ቦታ ትከፍይው የለ? ሥዕሉ አንዱ ነው፣ ድምፁ አንዱ ነው፣ ጽሑፍ ካለው ጽሑፉ አንዱ ነው። ተጎንጉነው አብረው ይሄዳሉ፤ ማሽኑ ይፈታቸዋል። ድምፁ ደግሞ ሁለትም ሦስትም ሊሆን ይችላል። የሚሰማው መጀመሪያ የተቀመጠው ነው። ሌላው ካልጠሩት ዝም ብሎ ይቀመጣል።»

«እንደ እትዬ ዘመናይ» አልኩ።

ጋሼ ሳቀ፤ ከዚያ መሳቁን ተወና ዲስኩን ከእጄ ወስዶ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው።

ለጥምቀት ሰሞን ከቤሩት የተመለሰች ሴት እናቴ የላከችውን ዕቃ አመጣች። ቀይ ጫማ፣ ሻምፑና አንድ ዲስክ ነበር። ጫማው ጠበበኝ። እናቴ የምታውቀው ትታው የሄደችውን እግሬን ነው። ግን ጠቦኝም ቢሆን አደረግሁት፤ እያነከስኩ ሱቅ ስደርስ በሩ ገርበብ ብሏል። ውስጥ ጋሼና ጎረቤታችን ጌቱ አሉ። ጌቱ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ቀስ ብሎ ነበር የሚያወራው።

«ልጅቱ ይኸን መስማት የለባትም» አለ ጋሼ።

«ቁረጠዋ!»

«የእህቴን ቃል አልቆርጥም። አንደኛው ድምፅ ላይ ሙዚቃ አገባበታለሁ። የራሷን ሁለተኛው ላይ አስቀምጠዋለሁ።»

«ለዘመናይስ?»

ጋሼ ዲስኩን ወደ ሽፋኑ መለሰ። «ለዘመናይ እኔ እጽፍላታለሁ» አለ።

እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት አንዱን ነው። ለእትዬ ዘመናይ ሊጻፍላት ነው፤ ለእኔ ግን የሚጻፍልኝ የለም። የእናቴ ልጅ እኔ ሆኜ ሳለሁ! ቀናሁ። ከዚያ ወዲያ ጋሼ ለብዙ ቀን ጌቱ ቤት ተደፍቶ፣ በነጭ ወረቀት ላይ በወፍራም ጥቁር እስክሪብቶ ሲጽፍ አየው ነበር፤ ሳልፍ በክንዱ ይሸፍነዋል።

ያ ሥራ ምን እንደነበር ዛሬ አውቃለሁ። እትዬ ዘመናይ ፊልም ትወዳለች፤ ጋሼ ደግሞ የፊልሙን ንግግር በአማርኛ ይጽፍላት ነበር። ያኔ ኮምፒውተሩ የእኛን ፊደል አይቀበልም፤ ሳጥን ሳጥን ያደርገዋል። ለዲስክ ግን ፊደል ፊደል አይደለም። ጽሑፉ የሚቀመጠው በሥዕል ነው፣ እያንዳንዱ አረፍተ ነገር በስስ መስታወት ላይ እንደተሣለ ሆኖ ከምስሉ በላይ ይደረባል። ዶሮ ቢሥሉለትም ያንኑ ያሳያል። ስለዚህ ጋሼ በእጁ ይጽፋል፣ ጌቱ ወደ ኮምፒውተር ያስገባለታል፣ ከዚያ ጋሼ ቢጫ ቀለም ይቀባዋል። በዚያች ከተማ ለአንዲት ሴት ተብሎ በእጅ የተጻፈ ፊልም የነበረው እኛ ቤት ብቻ ይመስለኛል።

ዲስኩን ያየሁት እሑድ ከሰዓት ነው። እትዬ ዘመናይ ለቅሶ ሄዳለች። እናቴ ባለ አበባ ሶፋ ላይ ተቀምጣ ወጣች፤ ፀጉሯን ተተኩሳለች፤ ከስታለች። «ሂዊዬ፣ የኔ ዓይናማ፣ እንዴት ነሽ? ጫማው ልክ ሆነሽ? ጋሼን እንዳታስቸግሪው። ለፋሲካ እመጣለሁ፣ እሺ?» አለች። «እሺ!» ብዬ ጮህኩ። ከዚያ ድምፅዋ ቆመና ሙዚቃ ገባ፤ ጋሼ ኬክ ሲቆረስ የሚያስገባት ያቺ ለስላሳ ሙዚቃ። የእናቴ አፍ ግን መንቀሳቀሱን አላቆመም።

«እየዘፈነች ነው!» አልኩ።

ጋሼ ፊቱን ወደ ማሽኑ አድርጎ «አዎ፣ እየዘፈነች ነው» አለ።

ረጅም ዘፈን ነበር። መሃል ላይ ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች፤ ዘፋኞች ላብ ሲጠርጉ አይቻለሁና አልገረመኝም። ትምህርት ቤት ሄጄ እናቴ ቤሩት ዘፋኝ ናት ብዬ አወራሁ። ግጥሙን የጠየቁኝ ጊዜ ከራሴ አውጥቼ «ለፋሲካ፣ ለፋሲካ» እያልኩ ዘፈንኩላቸው። ሳቁብኝ። ከዚያ በኋላ በእረፍት ሰዓት ብቻዬን ነበር የምቀመጠው፤ ግን እናቱ የምትዘፍንለት ልጅ ሌላ ስለሌለ ብዙም አልጎዳኝም።

ከጥቂት ቀን በኋላ ከትምህርት ቤት ቀደም ብዬ መጣሁ። በመጋረጃው ቀዳዳ እትዬ ዘመናይን አየኋት፤ ቴሌቪዥኑ ፊት መሬት ላይ ተቀምጣለች። እናቴ እየዘፈነች ነው። አፏ ግን የለም! አፏ ባለበት ቦታ ላይ ጥቁር ነገር ተለጥፏል፣ ጥቁሩ ላይ በቢጫ ተጽፎበታል። ፊልም ላይ ጽሑፍ እንዳለ አውቃለሁ፤ የፊልም ጽሑፍ ግን ከታች ነው፣ እናቴም የፊልም ሰው አይደለችም። ለማንበብ ሞከርኩ። ገና ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ለይቼ መጨረሴ ነበርና አንዱን ቃል ሳልጨርስ ሌላ ይመጣል። እትዬ ዘመናይ ሪሞቱን አንሥታ ተጫነች። ጥቁሩ ጠፋ፤ የእናቴ አፍ ወጣ። ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋች፣ አፍንጫዋ መስታወቱን እስኪነካ። ከዚያ ዘፈኑን ወደ ኋላ መለሰችው፣ እንደገና አየችው። ማልቀስ ጀመረች። ቆይታ ሪሞቱን ተጫነች፤ ጥቁሩ የእናቴ አፍ ላይ ተመልሶ ተለጠፈ።

በልቤ፣ ይቺ ሴት ባሰኛት ሰዓት እናቴን ታፍናለች፣ ባሰኛት ሰዓት ትፈታታለች አልኩ። የምታለቅሰው ደግሞ እናቴ ቆንጆ ስለሆነች ቀንታ ነው።

በማግስቱ ዲስኩን ሰረቅሁ። ጓሮ ወሰድኩት። እኛ ቤት የጠቆረ ድስት በምን እንደሚጠራ አውቃለሁ፤ አያቴ አስተምራኛለች። እርጥብ ጨርቅ፣ ጥሩ አመድ፣ ከዚያ ክንድ። ያ ጥቁር ከእናቴ አፍ ላይ እስኪለቅ ድረስ ፈተግሁት፤ ከመሃል ወደ ዳር፣ ከዳር ወደ መሃል። መስታወት የነበረው ደብዝዞ የምጣድ መክደኛ መሰለ። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይባል የለ? እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

እትዬ ዘመናይ ደረሰችብኝ። ይመታኛል ያልኩት እጇ እጄን ያዘ። አመዱን አጠበችልኝ፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ። ዲስኩን አገላብጣ አየችው፤ በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛው ገባች። ሲመሽ ጋሼ ማሽኑ ውስጥ ከተተው። ማሽኑ ተንደቀደቀ፣ አቃሰተ፣ ተፋው። ጋሼ ዲስኩን ወደ አምፖሉ አንሥቶ አይቶ «እንኳንም» አለ ለራሱ። እንኳንም! የእናቴ ዲስክ ተበላሽቶ እንኳንም! ያን ዕለት እሱንም ከልቤ አወጣሁት፤ እዚያ ቤት ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ። ማንበብ ስለምድ ያን ጽሑፍ እንዳላነበው ፈርቶ ቀኑን ይቆጥር እንደነበር የገባኝ አሁን ነው።

እናቴ ለፋሲካ አልመጣችም። በሚቀጥለውም አልመጣችም። ሞታም እንደሆን፣ አግብታም እንደሆን እስከ ዛሬ የነገረን ሰው የለም። አያቴ እማሆይም በሁለተኛው ዓመት ዐረፈች። እኔ አደግሁ፤ ለእትዬ ዘመናይ የሚገባትን ሁሉ አደረግሁላት፣ ከፍቅር በቀር። ሰው «ልጅሽ ናት ወይ?» ብሎ ሲጠይቃት በዚያ በሚጮኸው ድምፅዋ «እናቷ ሰጥታኝ ነው!» ስትል እየሰማሁ ፊቴን አዞር ነበር። ባሕር ዳር ሥራ ሳገኝ ሻንጣዬን ለማሰር አንድ ቀን አልፈጀብኝም። ሥራዬም ቪዲዮ ማቀናበር ሆነ፤ የጋሼን በርጩማ ሸሽቼ የጋሼ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ጋሼ መሳፍንት ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ሞተ። ከአርባው በኋላ ሱቁን ለማስረከብ መጣሁ። ዲስክ በካርቶን በካርቶን ተከምሯል። የሚፈልገው ሰው የለም፤ ጌቱ ለስንዴው ወፍ ማስፈራሪያ እየመረጠ ይወስድ ነበር። ከካርቶኖቹ በአንዱ ሥር፣ በወረቀት ከረጢት ውስጥ፣ በጋሼ እጅ «የጥሩ» ተብሎ በእናቴ ስም የተጻፈበት ዲስክ አገኘሁ። ሌላ ቅጂ ነበረው ማለት ነው።

የእኔ ላፕቶፕ ዲስክ አያነብም፤ ከጌቱ ማንበቢያ ተዋስኩ። ዲስክ ሲከፈት መጀመሪያ የሚገኘው ምስሉ አይደለም። ምን የት እንዳለ፣ ስንት ድምፅና ስንት ጽሑፍ እንዳለ ለማሽኑ የሚነግር ትንሽ ፋይል ነው፤ እሱ ቢበላሽ ደግሞ ግልባጩ አብሮ ይቀመጣል። እዚያ ላይ አየሁት። ድምፅ ሁለት፣ ጽሑፍ አንድ።

ሁለተኛውን ድምፅ ጠራሁት። እናቴ አልዘፈነችም።

«መሳፍንት ወንድሜ፣ እንግዲህ ልጅቱን ዞር አርጋት። ለፋሲካ ያልኳት ውሸቴን ነው። ከነበርኩበት ቤት ወጥቻለሁ፤ ወረቀቴም እነሱ ጋ ቀርቷል። መቼ እንደምገባ እኔም አላውቀው። ልጄን ለእማሆይ ውሰድልኝ። ዘመናይ ጋ አታሳድጋት። ክፉ ናት አላልኩም። ግን ልጅ ስታለቅስ የማትሰማ ሴት እንዴት አድርጋ ልጅ ታሳድጋለች? ግዝት ይሁንብህ፣ ወንድሜ። እዚያ ቤት እንዳታድግ።»

ጽሑፉን ከፈትኩት። ጥቁሩ መደብ አፏ ላይ ወጣ። የጋሼ እጅ ጽሑፍ፣ ያ ክብ ክብ የሚለው፣ በቢጫ፦ «ዘመናይ እህቴ፣ ሂዊን ላንች ሰጥቻለሁ። እስክመጣ አይደለም፤ ለሁልጊዜ። ልጅሽ ናት።»

ጽሑፍ የት ቦታ እንደሚታይ ማሽኑ አይመርጥም፤ የሚመርጠው ሠሪው ነው፤ ቦታውም ከጽሑፉ ጋር አብሮ ይመዘገባል። ጋሼ ያን የሚያህል ባለሙያ ሆኖ አፏ ላይ ያስቀመጠው ተሳስቶ አይደለም። አፍ የምታነብ ሚስት አለችው። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ይጸልይ የነበረውም ነገር ገባኝ። እኔ የካሜራ ሻንጣውን የሚጠብቅ ይመስለኝ ነበር። የእህቱን ግዝት ጥሶ እኔን እዚያ ቤት አስቀርቶ፣ ቀሪ ዕድሜውን ከአጥር ውጭ አሳለፈ።

ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም። የእናቴን ድምፅ ከስንት ዓመት በኋላ መስማቴ አንጀቴን በላው። የተናገረችው ደግሞ አሳፈረኝ። ከሁሉ የባሰው ግን እትዬ ዘመናይ ናት፤ ባሏ ሞቷል፣ ልጅ የላትም፤ የቀራት «ሰጥታኝ ነው» የምትለው ቃል ብቻ ነው። እሱም ውሸት ሆኖ ተገኘ። አልነግራትም ብዬ ወሰንኩ።

ዞር ስል ከኋላዬ ቆማለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ስክሪኑን እያየች።

«ድምፅዋ አለ?» አለችኝ።

«አለ።»

«ምን ትላለች?»

«የተጻፈውን» አልኳት። «ልክ እንደተጻፈው ነው የምትለው።»

ራሷን ነቀነቀች። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። «እስኪ ጽሑፉን አጥፊው» አለች።

አጠፋሁት። የእናቴ አፍ ወጣ። እትዬ ዘመናይ ዓይኗን እዚያ ላይ ተክላ፣ በዚያ አንዴ በሚጮኽ አንዴ በሚጠፋ ድምፅዋ፣ ከእናቴ ከንፈር ጋር እኩል መናገር ጀመረች። «ዘመናይ ጋ አታሳድጋት። ክፉ ናት አላልኩም። ግን ልጅ ስታለቅስ የማትሰማ ሴት...» እጄን አፌ ላይ አደረግሁ። አንድም ቃል አልሳተችም።

«ያኔውኑ ነው ያወቅሁት» አለችኝ። «አፏን ሲሸፍንብኝ ጠረጠርሁ። ሰው ደግ ነገር ሲናገር አፉ አይሸፈንም።»

«ጋሼ ማወቅሽን ያውቅ ነበር?» አልኳት እጄን ከአፌ አውርጄ።

«ምን ብዬ ልንገረው? እንዳላዝን ብሎ ያን ሁሉ ለፍቶ?»

«ታዲያ ለምን ለእማሆይ አልሰጠሽኝም?»

«አልቻልሁማ» አለች። ሌላ ምክንያት አልጨመረችም። ትንሽ ቆይታ ግን፣ «በር በተከፈተ ቁጥር እናትሽ የገባች ይመስለኝ ነበር። ልጄን ስጭኝ ስትለኝ የምመልስላትን ስለማመድ ኖርሁ። ወጥ እየሠራሁ፣ ልብስ እያጠብሁ እለማመዳለሁ» አለችኝ።

«ምን ልትያት?»

እትዬ ዘመናይ ከስክሪኑ ወደ እኔ ዞረች።

«‹ስታለቅስ አልሰማኋትም፤ ግን አንድም ቀን ብቻዋን አላለቀሰችም› እላት ነበር።» ከዚያ አፌን አፌን እያየች፣ ፈራ ተባ እያለች ጠየቀችኝ። «ውሸቴን ነው?»

ፊቴን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞርኩላት።

«እውነትሽን ነው» አልኳት።